50 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ በፋሲካ ሳምንት፦ ሕማማትንና የመጨረሻውን ልምምድ እንዴት ላስማማ?

ዳገት_ወዳድ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አምስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ውድድሩ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልት የሚባል የለውም፣ ኮሮኮንችና የከብት መንገድ ብቻ። የዳገቱ ድምር ወደ 2,200 ሜትር ይጠጋል። ማራቶን ሮጫለሁ፤ ከ42 በላይ ግን ገና መሞከሬ ነው። ቀኑ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ፣ ልክ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ላይ ውሏል።

ቤቴ ስድስት ኪሎ፣ ሥራዬ ለገሃር ነው። በሥራ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት እወጣና ወይ ጃን ሜዳን እዞራለሁ፣ ወይ በአራት ኪሎ ቁልቁል መስቀል አደባባይ ወርጄ ደረጃውን እመላለስበታለሁ። ቅዳሜ በሽሮ ሜዳ አድርጌ እንጦጦ ማርያም፣ ከዚያ ጫካ ለጫካ። በደህና ሳምንት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሞላልኛል።

ያነበብኳቸው ዕቅዶች በሙሉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ ቀንስ፣ በደንብ ብላ፣ እንቅልፍ ጥገብ ይላሉ። የእኔ የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ግን ሰሞነ ሕማማትና ፋሲካ ናቸው። ሁዳዴን እጾማለሁ፣ በሥራ ቀን እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ። በሕማማት ከሰኞ ጀምሮ እሰግዳለሁ፤ ስቅለት ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ቅዳሜ ሌሊት ቅዳሴ አለ፤ እሑድ ደግሞ ዶሮው ይጠብቃል። ከስቅለት እስከ ውድድሩ ስምንት ቀን ብቻ ነው። ስግደቱን ለሩጫ ብዬ አላስቀርም፤ ሩጫውንም መተው አልፈልግም። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እንዴት እንዳስማማው ይንገረኝ።

ሱሉልታ_በጠዋት

ወንድሜ ቅር አይበልህና እኔ ሌላ ውድድር ምረጥ ነው የምልህ። ክለብ ውስጥ ብዙው አትሌት ሁዳዴን እየጾመ ይሠራል፤ እሱ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ትልቅ ውድድር ሲደርስ አሠልጣኙ አስቀድሞ ሥራውን ያቀልለታል፣ ምግቡንም ይከታተልለታል። አንተ ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የምትሸከመው።

ስቅለት ሲሰግድ ውሎ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ሁላችንም ቤት አለ። ቁልቁለት የሚበላው ያንኑ ጭን ነው። ማራቶን ላይ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅብህ አስፋልት ዳር ነህ፤ መኪና ይዘህ ትመለሳለህ። ተራራ ላይ ጭንህ ሲከዳህ ከሰውም ከመኪናም ርቀህ ነው። ይህን አስበህ ወስን።

ፊዚዮ_ከፒያሳ

ሱሉልታ_በጠዋት የጠቀሰው ሥጋት እውነት ነው፤ መውጫው ግን ውድድር መተው ብቻ አይደለም። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ጭኑንና ወገቡን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ከሯጩ ይልቅ የማይንቀሳቀሰው ሰው ይበዛል።

ስግደትን ከጡንቻ አንጻር ብቻ ልየው። ከቆምክበት ጉልበትህን አጥፈህ ትወርዳለህ፣ መዳፍህ መሬት ይይዛል፣ ግንባርህ ይነካል፤ ከዚያ በጭንህና በመቀመጫህ ጉልበት ትነሳለህ። ስትወርድ የፊት ጭንህ ጡንቻ እየረዘመ ክብደትህን ተሸክሞ ነው። ቁልቁለት ስትሮጥም በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሆነው ይኸው ነው። ጡንቻ እየረዘመ ሲሠራ ውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። ሕመሙ ከጠፋ በኋላም የጡንቻው ኃይል ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ያንተ ስምንት ቀን የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን አንድ ትልቅ ነገር በእጅህ አለ። ጡንቻ እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ጊዜ ከቀመሰው በሁለተኛው ያን ያህል አይጎዳም። የመጀመሪያው ጥቂት ቢሆንም እንኳ ይጠቅማል፤ ጥቅሙም ለሳምንታት ይቆያል። በሁዳዴ ሙሉ ዕለት ዕለት ሲሰግዱ የከረሙ እናቶች ስቅለት ማግስት ጓዳና ማጀት ሲሉ አይቸገሩም። የሚታመመው ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግድ ቆይቶ በአንድ ዓርብ 300 የሚሰግደው ወጣት ነው።

ስለዚህ ሕማማትን አትጠብቅ፤ ዛሬ ጀምር። በዚህ ሳምንት 20፣ በሚቀጥለው 40፣ ከዚያ 60 እያልክ ጨምር። ቀስ ብለህ ውረድ፤ ጉልበትህን ዘጭ አታድርገው። ሥሩ ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይኑር። ሕማማት ሲገባ ጭንህን የሚያስደነግጠው ነገር አይኖርም።

በዚያው ልክ ከባዱን ቁልቁለት ከስግደቱ አርቀው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በአስፋልቱ የምትወርደውን ረጅም ቁልቁለት ለመጨረሻ ጊዜ በጉልበት የምትሮጠው ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀርህ ይሁን። በሕማማት ሳምንት ደረጃም፣ ዳገትም፣ ቁልቁለትም የለም። ስግደቱ የጭን ሥራህ ነው፤ መዝገብህ ላይ እንደ ልምምድ ጻፈው። ሰው የሚጎዳው ስግደቱን ከሩጫው ጋር ሳይደምር ሲቀር ነው።

ጋሽ_ጃንሜዳ

ልጄ፣ የፊዚዮዋን ምክር ያዝ። እኔ የምጨምረው ስለ ዕረፍቱ ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሊሮጥ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል። ያም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ከገባም በኋላ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ሲያፍታታ ዓለም ሁሉ አየው። ከአበበ ጋር ራሱን የሚያስተካክል የለም፤ ለእሱ የሆነው ለሁሉ ይሆናል አልልም። ግን ለዓመታት የተገነባ ኮንዲሽን በአሥር ቀንና በአሥራ አምስት ቀን ዕረፍት እንደማይናድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። በመጨረሻው ሳምንት የምትሠራው ከባድ ሥራ ጥቅሙ ለዚያ ውድድር አይደርስልህም፤ ድካሙ ግን ይደርሳል።

ኢዚ፣ ማለትም ቀላሉ ሩጫ ላይ ደግሞ አደራ። የእኛ አትሌቶች እንጦጦ ጫካ ውስጥ በአንድ ሰልፍ ሆነው በባህር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ ሲሄዱ አይተሃል? እነዚያ የዓለም ሻምፒዮኖች በኢዚ ቀን ማንም ሰው አብሯቸው ሊሮጥ በሚችልበት ፍጥነት ነው የሚሄዱት። ጃን ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት የማያቸው የቢሮ ሠራተኞች ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ከባዱ ቀናቸው አይከብድ፣ ቀላሉ ቀናቸው አይቀል። አንተ ኢዚ በምትለው ቀን ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ሳታቋርጥ ማውራት ካልቻልክ እሱ ኢዚ አይደለም። እዚህ ከተማ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነህ፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ 3,000 ታልፋለህ። ሰዓትህ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር ቢለያይ አትበሳጭ።

ዳገት_ወዳድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊዚዮ_ከፒያሳ፣ ስግደቱን ከልምምዱ ጋር መደመር እስከ ዛሬ አልታየኝም ነበር፤ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ምግቡ ላይ ግን አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ። ጠዋት ሮጬ 1 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፤ እህል የምቀምሰው 9 ሰዓት ነው። ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ዓይኔ ይከደናል፤ በማግስቱ እግሬ ከብዶኝ ነው የምነሳው።

መርካቶ_ሯጭ

ወንድሜ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ረመዳንን እየጾምኩ ስለምሮጥ ያንተ ነገር ይገባኛል። የከበደህ ጾሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ሮጠህ እስከ 9 ሰዓት ስትቆይ ሰውነትህ የተጎዳውን የሚጠግንበት ነገር ሳያገኝ ስምንት ሰዓት ይቆያል። እኛ በረመዳን ቀላሉን ሩጫ ከኢፍጣር በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ እናደርገዋለን፤ ሩጫው ሲያልቅ አዛን ይላል፣ ተምርና ውኃ ይቀርባል። ከባድ ሥራ ካለ ከኢፍጣር በኋላ ነው።

አንተ ከእኛ የተሻለ ዕድል አለህ። 9 ሰዓት ላይ ምሳህን ትበላለህ፤ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ስትወጣ ሆድህ ቀለል ብሎታል። መስቀል አደባባይ ከለገሃር ቅርብ ነው። ከባዱን ሥራ ማታ አድርገው፤ ሮጠህ እንደገባህ እራት ብላ። ጠዋት የምትወደው ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ቀላል ሩጫ ብቻ ተወው። ማታ መኪናው ይበዛል፣ ጭሱም አለ፤ ደረጃው ላይ ከሆንክ ግን ከመንገዱ ትንሽ ትርቃለህ።

ከደብሩ_ጎረቤት

አንድ ነገር ላስታውስ። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጾማለን እንጂ እስከ 9 ሰዓት አንቆይም፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር። ስለዚህ ቅዳሜ ረጅሙን ስትሮጥ የጾም እህል እየበላህ መሮጥ ትችላለህ፤ ሥርዓቱም አይፈርስም። ስግደትም ቅዳሜና እሑድ የለም፤ የፊዚዮዋን ቁጥር ከሰኞ እስከ ዓርብ አድርገው።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ አይሰገድም። ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት የምግብ ጭንቀት የለብህም ማለት ነው።

አክፍሎትን፣ ማለትም እስከ ፋሲካ ሌሊት እህል ሳይቀምሱ መቆየትን በተመለከተ ራስህ አትወስን፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ምን እንዳሰብክ፣ መቼ እንደምትሮጥ በግልጽ ንገራቸው። አባቶች እንደየሰው ዐቅም ነው የሚመክሩት፤ ለታመመውም ለደከመውም የሚሉት አላቸው። ስግደትም ከልብ ከሆነ ቁጥሩ ላይ መሽቀዳደም የለበትም።

አንድ_የአራዳ_ልጅ

ምን ይሄን ያህል ያስጨንቃል? ስቅለት ማታ አንድ ዳይክሎፌናክ፣ ውድድሩ ጠዋት ደግሞ አንድ። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ጭን የሚባል ነገር አይሰማኝም።

ፊዚዮ_ከፒያሳ

ወንድሜ እባክህ ይህን ተው፤ ለሌላም አትምከር። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ የዚህ ዘር መድኃኒቶች በሙሉ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ሰው ለሰባትና ስምንት ሰዓት ሲሮጥ ላብ ወጥቶ ፈሳሹ ጎድሎ ኩላሊቱ ቀድሞም ተጨንቋል። ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣውን ቆሻሻም የሚያጣራው እሱ ነው። በዚያ ላይ መድኃኒቱን ስትጨምርበት ኩላሊት ድንገት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ባዶ ሆድ ላይ ሲዋጥ ደግሞ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል፤ ጾመኛ ላይ አስበው።

ሌላም አለ። ሕመም ሳይሰማህ መሮጥህ ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም። ተራራ ላይ ቁርጭምጭሚትህ ሲዞር የሚነግርህ ሕመሙ ነው። ፋርማሲ በቀላሉ ስለሚሸጥ ቀላል መድኃኒት ነው ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው።

ባህር_ዛፍ_ሥር

እኔ ስለ ምግቡ እንደ ሴት ሯጭ ልናገር፤ ለወንዱም ይሆናል።

በጾም ወቅት የሚጎድለን ብዙ ጊዜ ፕሮቲን ብቻ አይደለም፤ አጠቃላይ መጠኑ ነው። አንድ ሽሮ ፍትፍት በልተን 20 ኪሎ ሜትር እንወጣለን። በክብደትህ ልክ በኪሎ ግራም ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን አስብ። ምስር ወጥ፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ፉል፣ አዚፋ ተራ በተራ እየተባለ፣ ከዚያ ላይ ኦቾሎኒና የሱፍ ፍትፍት ከተጨመረ ይሞላል። እኔ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ አይጠፋም፤ 9 ሰዓት እንደሞላ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው።

ብረት ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ጤፋችንና ምስራችን ብረት አላቸው፤ ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ከተጠጡ ግን ሰውነት የሚወስደው ይቀንሳል። ቡናህን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቀው፤ ከምግቡ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይኑር። ዳገት ላይ ያለወትሮህ ልብህ የሚመታና የሚደክምህ ከሆነ ደምህን ተመርመር። እህቶቼ፣ የወር አበባችሁ ከቀረ ወይም ከተዛባ ልምምዱ ስለበረታ ነው ብላችሁ አትለፉት። ምግብ አነሰኝ እያለ ነው ሰውነታችሁ፤ አጥንትም ይጎዳል።

እንጦጦ ሌሊት ለብቻ አትሂዱ። ጅቡም አለ፣ ውሻውም አለ፣ ሰዉም አለ። እኛ ስንወጣ ከሦስት አናንስም፤ ጨለማው እስኪገፈፍ በአስፋልቱ ዳር እንወጣለን፣ ጫካ የምንገባው ከነጋ ነው።

ኮሮኮንች

ሁሉም ደህና ደህና ነገር ብለዋል። እኔ እንዲህ ያለ ርቀት ስለሮጥኩ ሳምንቶቹን እንዳየኋቸው ላስቀምጥልህ።

ይህን ሳምንት 65 ላይ ቆይ። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁን ሥራህን ጨርስ፦ ቅዳሜ ከ30 እስከ 32 ኪሎ ሜትር እንጦጦ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደከመ እግር 12 ወይም 15 በጣም ቀስ ብለህ። ያ ቅዳሜ ለውድድሩ ልክ ሦስት ሳምንት የሚቀረው ነው፤ ፊዚዮዋ ያለችው የመጨረሻው ከባድ ቁልቁለት እዚያ ላይ ያልቃል። ከ32 በላይ አትሂድ። 50 ስለምትሮጥ 42 መለማመድ አለብኝ የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ያ ሰው ውድድሩን ልምምድ ላይ ጨርሶት ይመጣል። ከሆሳዕና በፊት ያለው ሳምንት 45 አካባቢ፣ ቅዳሜው ከ18 እስከ 20። ሕማማት ላይ 25 ቢሆን በቂ ነው፤ ሁሉም ሜዳ ላይ፣ ሁሉም ኢዚ፤ ዓርብና ቀዳም ሥዑር ምንም። የውድድሩ ሳምንት ማክሰኞ 6፣ ሐሙስ 4 ኪሎ ሜትር፣ መሐል ላይ እግርህ እንዳይፈዝ ለ20 ሰከንድ ያህል ፈጠን እያልክ አራትና አምስት ጊዜ። መቀነስ ያለበት ርዝመቱ ነው፤ ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ ከተውከው ሰውነት ይፈዛል።

አሁን ስለ ፋሲካ። ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤና ሥጋ ያልነካ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ በቅቤ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። አያቶቻችን ተልባ ቀድመው የሚጠጡት ያለነገር አይደለም። ተልባህን ጠጣ፣ ከዶሮው ትንሽ ቅመስ፣ እሑድንና ሰኞን እያለሳለስክ እለፍ። ጥሬ ሥጋ ግን እስከ ውድድሩ ማግስት አይነካ። ቁርጥ የሚያመጣው የሆድ ነገር በሦስተኛው ቀንም ሊነሳ ይችላል፤ አምስት ሳምንት የለፋህበትን በአንድ ማዕድ ማጣት ያሳዝናል። ዘመድ ቤት ስትጠራ ቀድመህ ንገራቸው፤ «ከውድድሩ በኋላ እመጣለሁ» ብትል ማንም አይቀየምህም።

ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ቅባቱን ቀንሰህ እህሉን ጨምር። ዓርብ ቀን ጥራጥሬና ጥሬ አትክልት ትተህ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ነጭ ዳቦ ብላ፤ ሆድህ ቀለል ብሎት ያድራል።

ውድድሩ ላይ በሰዓት ወደ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፤ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምረህ ነው የምትበላው፤ ራብ እስኪሰማህ ከጠበቅክ አልፎሃል። የውጭ ጄል ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። እኔ የምይዘው በሶ ነው። 50 ግራም ገደማ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ሙሉ ማር፣ ቁንጥጫ ጨው፣ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ በደንብ ተመትቶ፤ ይህ ብቻውን ወደ 50 ግራም ይሰጥሃል። ጠርሙሱን ከታች ውኃ አድርገህ በሶውን ከላይ ጨምር፤ በሶውን ካስቀደምክ ታቹ ላይ ይጋገርና ዳገት ላይ በጣትህ ስትፍቅ ትገኛለህ። ሰፋ ያለ አፍ ያለው ጠርሙስ ይሁን። ከመውጣትህ በፊት በወንፊት ንፋው፤ ያልላመው ገብስ ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ ሌላ ሙዝ፣ ተምር፣ የተቀቀለ ድንች በጨው። ጣፋጭ ሲሰለችህ ድንቹን ትባርካለህ። ይህን ሁሉ ግን በሁለቱ ቅዳሜዎች ሞክረው፤ ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመስ ነገር አይኑር።

ውኃ ሲጠማህ ጠጣ። ሳይጠማህ በየጣቢያው ሊትር ሊትር መጠጣት የደምን ጨው ያሳንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መዘባረቅ ከመጣ አደገኛ ነው።

ሱሉልታ_በጠዋት

ስግደቱን አስቀድሞ መጀመር የሚለው ሐሳብ አሳምኖኛል። ዓርብ ምንም አይሮጥ ከተባለና ከባዱ ቁልቁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ካለቀ ይቻላል። እንቅልፉ ግን አሁንም ያሳስበኛል። ሕማማት ላይ ማልዶ መነሳት፣ ቅዳሜ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ቅዳሴ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር፤ ከወትሮው ከአምስት እስከ አሥር ከፍ ብሎ ከሰነበተ ያን ቀን አትሩጥ፣ ተኛ። ፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልክህን ዘግተህ ተኛ።

ዳገት_ወዳድ

የሆሳዕና እሑድ ነው ዛሬ። ትልቁ ቅዳሜ ጥሩ ሄደ። በሶው ሆዴን አልረበሸኝም፤ ድንቹ ደግሞ እንደተባለው ነው። ከባዱን ሥራ ወደ ማታ ካዞርኩት ወዲህ ቢሮ ውስጥ አልተኛም። የንስሐ አባቴን አነጋግሬ አክፍሎቱን ዘንድሮ እንድተው፣ ስግደቱን ግን እንደ ዐቅሜ እንድሰግድ ነግረውኛል። ነገ ሕማማት ይገባል፤ በሰላም ያድርሰን።

ዳገት_ወዳድ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እንኳን አደረሳችሁ!

ስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ ቆየሁ። ቅዳሜ ጭኔ ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ ምንም የለውም፤ ደረጃም ያለ ሐሳብ እወርዳለሁ። አዲስ ነገር የመጣው ሌላ ቦታ ነው። ትናንት ቤት ተቀምጬ ሳለ ግራ ባቴ ቆንጠጥ አደረገኝ። ዛሬ 6 ኪሎ ሜትሯን ስሮጥ አልተሰማኝም፤ ቁጭ ስል ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ አሥር ጊዜ እየጫንኩ አየዋለሁ። ልተወው ወይስ ይታይልኝ?

ጋሽ_ጃንሜዳ

እንኳን አብሮ አደረሰን። ልጄ፣ የዕረፍት ሳምንት ሕመም ነው ይሄ። ሩጫ ሲቀንስ ጆሮህ ወደ ሰውነትህ ይዞራል። ስንቱን አትሌት በውድድር ዋዜማ ጉልበቴን፣ ተረከዜን ሲል ሰምቻለሁ፤ ሲሮጥ የለም። መጫኑን ተው።

ፊዚዮ_ከፒያሳ

ጋሼ ያሉት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ለይተን እንወቀው። ሳትሞቅ በግራ እግርህ ብቻ ቁመህ ተረከዝህን 20 ጊዜ አንሳ። ከዚያ በዚያው እግር አሥር ጊዜ እየዘለልክ እረፍ። ሁለቱም ያለ ሕመም ካለፉ ሩጥ። አንድ ነጥብ ላይ ስለት የመሰለ ሕመም ካለ፣ ወይም ባትህ አብጦ ሞቆ ከሆነ ግን አትጠብቅ፤ በተለይ እብጠቱ ለሐኪም ይታይ። ማሳጅ የለመድክ ካልሆነ በዚህ ሳምንት በኃይል የሚያሽ ሰው ጋ አትሂድ፤ ጠንካራ ማሳጅ ራሱ ጡንቻ ያሳምማል።

ዳገት_ወዳድ

ሁለቱንም ሠራሁ፤ ምንም የለም፣ እብጠትም የለም። እግዜር ይስጥልኝ።

የቀረኝ ዕቃ ማሰናዳት ነው። የእግር ጥፍሬን ዛሬ ቆረጥኩ፤ ጫማው ሁለቱን ረጃጅም ቅዳሜዎች የሮጥኩበት ነው። መነሻው ሳይነጋ ስለሆነ የግንባር ባትሪ ይፈልጋል፤ የእኔ ቻርጅ አልይዝ ብሏል። ትርፍ ያለው ሰው አለ?

ባህር_ዛፍ_ሥር

እኔ ጋ አለ። ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ጃን ሜዳ በር አካባቢ ነን፤ ከእኛ ጋር 4 ኪሎ ሜትሯን ሮጠህ ይዘኸው ትሄዳለህ።

ኮሮኮንች

መለዋወጫ ባትሪ ድንጋዩንም ያዝ፤ ሲበርድ ቶሎ ያልቃል። መብራቱን ግንባርህ ላይ ወደ ታች ትንሽ አዘንብለህ እሰረው፤ ብርሃኑ ከፊትህ አራትና አምስት እርምጃ ላይ ይረፍ።